የአንባቢያን ጥያቄ፦ የጊታር አምፕን ሳሎን ውስጥ መቅረጽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር፣ ወለሉ ሴራሚክ በሆነ ሳሎን ውስጥ የምንለማመድ አምስት ልጆች ነን። የጊታሩን አምፕ (ድምፅ ማጉያውን) የምንቀርጸው በአንድ ሹር ኤስኤም 57 ማይክ ነው። ማይኩን ሜትር ያህል ስናርቀው ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ስናስጠጋው ደግሞ ጆሮ ይበሳል። ኮምፒውተር ላይ ወፍራምና ቀጭን ድምፅን በሚያመጣጥነው ኢኳላይዘር ብንታገልም አልሆነልንም። ረቂቅ ድምፅ የሚይዘውን ኮንደንሰር ማይክ እንግዛ ወይ?

መልስ፦ አትግዙ። ኤስኤም 57 እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለ፣ ለጊታር አምፕ መጀመሪያ እጅ የሚሄድበት ማይክ ነው። ችግራችሁ የቆመበት ቦታ ነው።

ሜትር ሲርቅ ማይኩ አምፑን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንና ሴራሚኩንም ይሰማል፤ አንዴ የተቀረጸ የክፍል ድምፅ ደግሞ በኢኳላይዘር አይወጣም። ሲጠጋ ጆሮ የሚበሳው የስፒከሩን መሃል ፊት ለፊት ስለሚያይ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ከመሃል ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ወደ ጠርዝ ሲሉ እየለዘበ ይሄዳል።

የስልክ መብራት አምፑን ፊት ለፊት በሸፈነው ጨርቅ በኩል አሳልፋችሁ ስፒከሩን ፈልጉ። መሃሉ ላይ ክብ ቆብ አለ። ቆቡ ከሾጣጣው ወረቀት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ጨርቁ ላይ በቁራጭ ፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ መነሻችሁ እሱ ነው። ማይኩ ከጨርቁ 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቀጥ ብሎ ይቁም። አሁንም ከበሳ በ1 በ1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጠርዙ ግፉት፤ ድምፁ ከታፈነ ወደ መሃል መልሱት። ይህ ማይክ በተጠጋ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጣል፤ ስለዚህ ጊታሩ ከቤዙ ጋር ከተጣላ ሌላ ምንም ሳትነኩ ወደ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት።

ቦታውን ቶሎ ለማግኘት አቋራጭ አለ። ጊታሪስቱ የጊታሩን ቮልዩም ይዝጋ፣ የአምፑን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) ከፍ ያድርግ። አምፑ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል። አንዳችሁ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን አድርጋችሁ ስሙ፣ ሌላው ማይኩን ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ። ሽሽታው ከሁሉ የሚሰላበት ቦታ መሃሉ ነው፤ ስለቱ ጠፍቶ ገና ያልታፈነበት ላይ አቁሙት። ከዚያ ጌይኑን መልሳችሁ፣ ሦስት ቦታ ላይ ያንኑ ዜማ 20 20 ሰከንድ ቅረጹ። የምትመርጡት ግን ድራሙና ቤዙ አብረው እየተሰሙ ይሁን። ለብቻው ሲሰማ የሚያምር የጊታር ድምፅ ባንዱ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቦታ ያጣብባል።

አምፑ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ወለሉ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ወንበር ላይ ወይም በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ አድርጉት፣ ሳጥኑ ውስጥ ግን አንድም ጠርሙስ አይቅር፤ ይንቀጫቀጭና ቀረጻው ውስጥ ይገባል። ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ፣ ከማይኩ ጀርባ የቆመ ፍራሽ ይበቃችኋል። ሪቨርቡን (ማስተጋቢያውን) ዝጉ፣ በኋላ መጨመር ይቻላል። ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) መድረክ ላይ ከምታደርጉት በግማሽ ቀንሱ፤ በተለይ አንቺሆዬና አምባሰል ስትጫወቱ። እነዚህ ቅኝቶች ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ ሁለቱ በዲስቶርሽን አብረው ሲጮኹ ይሻክራሉ፣ ዜማው አይለይም። ትዝታ ሜጀር የተሻለ ይችለዋል።

መጠኑን በተመለከተ፣ በ24 ቢት ቅረጹና ጠንካራው ምት ከዜሮ (ቀረጻው ከሚችለው የመጨረሻ መጠን) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ቀዩ መብራት ላይ የተሰበረ ድምፅ መጠገኛ የለውም።

ጥያቄ፦ ድምፁ እንዲወፍርልኝ ሁለተኛ ማይክ ጨመርኩ። ለየብቻ ጥሩ ናቸው፣ አብረው ሲከፈቱ ግን ድምፁ ይሳሳል። ለምን?

መልስ፦ ሁለቱ ማይኮች ድምፁን የሚሰሙት በተለያየ ጊዜ ስለሆነ ነው። አንዱ በ3፣ ሌላው በ20 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለ ልዩነቱ 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ድምፅ ይህን ለመጓዝ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ልዩነት 1000 ኸርዝ ላይ አንዱ ማይክ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ይጣፋሉ፣ 3000 ላይም እንዲሁ። የጊታሩ ድምፅ ዋና ክፍል ያለው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። የሁለቱን ጫፍ ከጨርቁ እኩል ያርቁ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የሩቁ ትራክ ያን ያህል ቀደም እንዲል ወደ ግራ ይሳቡት። ውጤቱን በሞኖ (ሁለቱን ወደ አንድ ቻናል ቀላቅለው) ያድምጡ። እውነቱን ለመናገር ለቤት ቀረጻ አንዱ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ ጊታሬን አምፑ ላይ ስሰካ ህምምም የሚል ድምፅ አይጠፋም። ጓደኛዬ የሶኬቱን የምድር ሽቦ ቁረጠው አለኝ።

መልስ፦ በፍጹም አይቁረጡት! በተለይ የመስታወት ቱቦ ያለው አምፕ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ አለ። የምድር ሽቦው ከሌለ ደግሞ ብልሽት ሲፈጠር የሶኬቱ ኤሌክትሪክ በክሮቹ በኩል ወደ እጅዎ፣ ከማይክ ጋር ደግሞ ወደ ከንፈርዎ ይመጣል።

ጊታሩን እንደያዙ ዙሩ። ህምታው ከቀነሰ የሚመጣው ከፍሪጅ ወይም ከስታብላይዘር ነው፤ ጊታሩን ከሱ አርቁ፣ አቅጣጫ ቀይሩ። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲነቀል ከጠፋ አምፑንና ላፕቶፑን ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። ገመዱ ከአምፑ ተነቅሎም ካልጠፋ አምፑ ለጠጋኝ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። ኮንደንሰር ማይኬ በክረምት ይንጫጫል፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይመታል።

መልስ፦ እርጥበት ውስጡ ገብቷል። በአዳዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚገኘውን ሲሊካ ከረጢት ጨምረው በሚዘጋ ዕቃ ያስቀምጡት፤ ስታንድ ላይ አያሳድሩት። ከማብራትዎ በፊት ደረቅ ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ማይኩ የሚሠራበትን 48 ቮልት ከዚያ በኋላ ይልቀቁ። ለቆርቆሮው መድኃኒት የለም፤ ጊታሩን እንደ ኤስኤም 57 ባለ ዳይናሚክ ማይክ ከቅርብ ከቀረጹ ካፊያው አይሰማም፣ ድራሙን ግን ዝናቡ እስኪያባራ ያቆዩት።