ስለ ታፕ ዳንሰኛዋ ኤሊኖር ፓወል የጠየቃችሁኝ

ስለ ድሮዋ የሆሊውድ ዳንሰኛ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሱ ይኸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታፕ ዳንስ ምንድን ነው?
ጫማው ጫፉና ተረከዙ ላይ ብረት አለው። ስለዚህ ዳንሱ ይታያልም ይሰማልም። እግር ከበሮ ሆነ በሉት።

ከልጅነቷ ጀምሮ ታፕ ነው የተማረችው?
ኧረ በፍጹም! በ1912 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ተወለደች። የጀመረችው ባሌ በሚባለው በእግር ጣት ጫፍ እየቆሙ በሚጨፍሩት ዳንስ ነው። ባሌ ደግሞ ወደ ላይ ይስባል፣ ታፕ ወለሉን ይፈልጋል። ብሮድዌይ በሚባለው የኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር ታፕ ሳይችሉ ሥራ ማግኘት ሲቸግራት ታፕ ወደሚያስተምረው ዳንሰኛ ጃክ ዶናሁ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው የአሸዋ ከረጢት የተንጠለጠለበት የወታደር ቀበቶ አስታጠቃት፤ እንዳትዘል! የተማረችው 10 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። እግሯ ከወለሉ ሳይርቅ እንደዚያ የሚፈጥነው በዚያ ቀበቶ ይመስለኛል።

ፊልሙ ላይ የምንሰማው የእግሯ ድምፅ የራሷ ነው?
አዎ፣ ግን በቀረጻው ሰዓት የተያዘ አይደለም። ምስሉ ካለቀ በኋላ ስቱዲዮ ገብታ፣ ራሷን እያየች እንደገና ትረግጠዋለች። አንዲት ምት እንዳታልፋት አስቡት! ለእኔ ከዳንሱ ይህ ይከብዳል።

ከውሻ ጋር ጨፍራለች የሚባለው እውነት ነው?
እውነት ነው፣ በ1941 ፊልም ላይ። ውሻውን ያሠለጠነችው ራሷ ናት።

ከዝነኛው የፊልም ዳንሰኛ ከፍሬድ አስቴር ጋርስ?
አንድ ፊልም ብቻ፣ በ1940። ሙዚቃው የኮል ፖርተር ነው። እንደ መስታወት በሚያበራ ወለል ላይ ሁለቱ ሲጨፍሩ ሙዚቃው ጸጥ ይልና እግራቸው ብቻ ይቀራል። አስቴር በኋላ ስለ እሷ ሲጽፍ ወለሉን የምትረግጥበትን መንገድ ከወንድ ጋር አመሳስሎታል። ማሞገሱ ነበር እንግዲህ!

ለምን አቆመች?
በ1943 ተዋናዩን ግሌን ፎርድን አገባች። በ1945 ወንድ ልጅ ወለደችና ከፊልሙ ራቀች። በ1959 ተፋቱ። ያኔ ልጇ ገፋፋትና በ1961 ላስቬጋስ መድረክ ላይ ተመለሰች፤ ወደ ሃምሳው እየተጠጋች! በ1982፣ በ69 ዓመቷ በካንሰር አረፈች።

ከየት ልጀምር?
ከ1940ው ፊልም መጨረሻ። መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፣ ከዚያ እዩት።