የቦርኖው ዙሉም ሠርተዋል ወይስ ዝና ብቻ ነው?

"አገረ ገዢው ዙሉም እውነት ሠርተዋል?" ላልከው፦ አዎ፣ ሠርተዋል። እኚህ የመስኖ ምህንድስና ፕሮፌሰር የናይጄሪያን የቦርኖ ግዛት የሚመሩት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ነው። ታጣቂው ቡድን ቦኮ ሐራም ባወደማቸው ከተሞች ቤትና ትምህርት ቤት አሠርተዋል። ሌሊት ሆስፒታል ድንገት ገብተው ሐኪም ተረኛ መኖሩን ያዩ ሰው ናቸው፤ ሕዝቡ ቢወዳቸው አይገርምም።

ጉድለታቸው ተፈናቃዮችን የመለሱበት ጥድፊያ ነው። በ2021 በግዛቱ ዋና ከተማ በማይዱጉሪ ያሉትን የተፈናቃዮች ካምፖች ማዘጋት ጀመሩ። ብዙዎች ጸጥታው ወዳልረጋበት ሄዱ። በሴፕቴምበር 2025 ተመላሾች በሰፈሩባት የቦርኖ መንደር ዳሩል ጀማል ከ60 ያላነሱ ሰዎች ተገደሉ። እርግጥ ሠራዊቱ የሚታዘዘው ከአቡጃ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ነው። ሰው ይመለስ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር፦ እኔ እንደታዘብኩት ቶሎ የሚሰራጨው የጉብኝታቸው ቪዲዮ ነው። በእሱ ብቻ አትፍረድ። ሰፋሪዎቹ እርሻቸው ድረስ ወጥተው መግባት ችለው እንደሆነ ፈልግ።