መልስ፦ ከሮቤ ተነስቶ በአንድ ቀን ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ አምስት ሆናችሁ በአንድ መኪና መሄዳችሁም ጥሩ ነው። መጀመሪያ ዲንሾ፣ ከዚያ ሳነቴ ያላችሁትን ቅደም ተከተል ብቻ ቀይሩት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበትን ዲንሾን ለከሰዓት አቆዩት።

1. ማለዳ በጎባ በኩል በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ከፍተኛ ሜዳ፣ ወደ ሳነቴ አምባ ውጡ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ ገላጣው ሜዳ ላይ ይታያል። ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ (4,377 ሜትር) ድረስ መኪና ይወጣል። ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ ወፍራም ልብስ ያዙ።

2. ከሰዓት ዲንሾ። አጋዘኖቹ ፀሐይ ስትበርድ ለግጦሽ ይወጣሉ፤ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ በእግር ትጠጋላችሁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሳነቴ ላይ በዝግታ እንዲነዳ ከሹፌሩ ጋር ሳትነሱ ተስማሙ። ሰዓት ሲጠብ ሁሉም ሰው «ፍጠን» ማለት ይጀምራል፤ ቀበሮዎቹ ደግሞ መንገዱን ያቋርጣሉ፣ በመኪና ተገጭተው የሞቱም አሉ። በዓለም ላይ ከቀሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ውስጥ ነው።