በዕድሜ ልክ የተሰጠኝን ቤት መሸጥ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከሦስት ወር በፊት ያረፈው ባለቤቴ በስሙ ብቻ የነበረውን ቤት «በሕይወት እስካለች ድረስ ለሚስቴ፣ ከእርሷ በኋላ ለልጄ» ብሎ ተናዟል። ልጁ ከመጀመሪያ ትዳሩ የተወለደ ነው፤ እኛ 17 ዓመት በትዳር ኖረናል። ቤቱን ሸጬ አዲስ አበባ መግባት እፈልጋለሁ። ልጁ ግን «እርስዎ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደሉም፤ ጣሪያውንም ያሠሩ» ይለኛል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

የእንጀራ ልጅዎ «ጠባቂ» ማለታቸው ስሕተት ነው። ከእንግሊዝ የተወረሰው የቨርጂኒያ ሕግ የአንድን ቤት ባለቤትነት በጊዜ ከፍሎ ለተለያዩ ሰዎች መስጠትን ስለሚፈቅድ፣ እርስዎ «ላይፍ እስቴት» የሚባለው የዕድሜ ልክ ይዞታ፣ ልጁ ደግሞ «ሪሜይንደር» የሚባለው ተከታይ መብት አላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የምናውቀው አላባ ይቀርበዋል፤ ሆኖም አላባ በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብት ሲሆን፣ እርስዎ ግን እስከ ዕለተ ሞትዎ ራስዎ ባለይዞታ ነዎት። በቤቱ መኖር፣ ማከራየትና ኪራዩን ለራስዎ ማድረግ ይችላሉ።

መሸጥም አልተከለከሉም፤ የሚሸጡት ግን ያለዎትን ያህል ብቻ ነው። እርስዎ ባረፉ ዕለት ቤቱ ከገዢው እጅ ስለሚወጣ፣ እንዲህ ያለውን ይዞታ በሙሉ ዋጋ የሚገዛ አያገኙም። ልጁ አብረው ከፈረሙ ግን ገዢው ሙሉ ባለቤትነት ያገኛል፤ የሽያጩንም ገንዘብ በስምምነት፣ አለዚያም የእርስዎን ዕድሜ መነሻ ባደረገ ስሌት ትከፋፈላላችሁ። በዚህ ስሌት ዓመታት በገፉ ቁጥር የእርስዎ ድርሻ ይቀንሳል። በጠቀሱልኝ ቃል መሠረት የልጁ መብት ከወዲሁ የጸና ይመስለኛል፤ ኑዛዜው ሌላ ቦታ ላይ «ከእርሷ በኋላ በሕይወት ከተገኘ» የሚል ቃል ከሌለው፣ ከእርስዎ ቀድመው ቢሞቱ እንኳ መብቱ ወደ ወራሾቻቸው ይሄዳል እንጂ ለእርስዎ አይተርፍም። ያን ጊዜ የሚደራደሩት ምናልባት ለአካለ መጠን ካልደረሱ ልጆች ሞግዚት ጋር ይሆናል። በእርስዎ ኑዛዜ ቤቱን ለማንም ማውረስ እንደማይችሉም ይወቁት።

ስለ ወጪው፣ ኑዛዜው የተለየ ነገር ካላዘዘ፣ የንብረት ግብር፣ የተለመደ ጥገናና ሞርጌጅ ካለ ወለዱ የእርስዎ ነው፤ የብድሩ ዋና ገንዘብ ግን የልጁ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ እያዩ ቤቱ ሲበሰብስ ዝም ካሉ ልጁ ሊከስዎት ይችላሉ። ጣሪያውን በሙሉ በአዲስ መቀየር ግን ከጥገና ያለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ራስዎ ከፍለው ካሠሩ በኋላ ማስመለሱ ከባድ ነው።

ያልጠየቁኝ፣ ከሁሉ የሚያስቸኩለው ጉዳይ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቨርጂኒያ ሕግ፣ ኑዛዜው የቱንም ያህል ቢሰጣቸው፣ በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ በሕግ የተወሰነ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ትዳሩ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ድርሻው የሁለታችሁም ሀብት ተደምሮ ከሚሰላው ግማሽ ይደርሳል፤ የራስዎ ንብረትና በኑዛዜው ያገኙት ግን ይታሰብብዎታል። በጋብቻ ውል ይህን መብት ትተው ከሆነም አይሠራም። ጥያቄው የሚቀርበው ኑዛዜው ከጸደቀበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከልጁ ጋር ስለ ሽያጩ ከመነጋገርዎ በፊት፣ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይህን ቀን ያረጋግጡ፤ የኑዛዜውንም ሙሉ ግልባጭ ይዘው ወደ ጠበቃ ይቅረቡ።