የድሮ ሞተር ሳይክል ለገዛችሁ ወገኖች፦ ጎማ በጥርሱ አይመዘንም

ሃምሳ ዓመት የሞላው ሆንዳ ወይም ያማሃ በርካሽ አግኝቶ የሚገዛ ወገን በውጭ አገር በየከተማው እየበዛ ነው። ጥሩ ነው። በፈረንጆቹ የ1970ዎቹ ሞተር በጥቂት መፍቻ የሚሠራ፣ ኮምፒውተር የማይጠይቅ ሞተር ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰዉ መጀመሪያ ወንበሩን በአዲስ ቆዳ ያሰፋል፣ ታንኩን ያስቀባል፣ ማርሚታውን ያስወለውላል። ጎማው ግን የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት የነበረው ባለቤት የገጠመው ነው። “ለምን አትቀይረውም?” ስትሉት “ጥርሱ ሙሉ ነው” ይላል። ይህ ጽሑፍ ለዚያ መልስ ነው።

1. ወረቀት

ሊብሬው በስማችሁ ይዙር፣ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ፣ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ አውጡ፣ ኢንሹራንስ ግቡ። ጀርመን ያላችሁ የጎማው ልክ ሊብሬው ላይ ከሰፈረው እንዳይለይ ተጠንቀቁ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ዓመታዊ ምርመራ ስለማይጠየቅ ጎማችሁን አይቶ የሚነግራችሁ ሰው እንደሌለ እወቁ።

2. ልክ

አሁን የተገጠመውን ጎማ አይታችሁ አትዘዙ። ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱ እጁ የገባውን ገጥሞበት ይሆናል። የፋብሪካውን መመሪያ አንብቡ። ሆንዳ ሲቢ 750 ፊት 3.25-19፣ ኋላ 4.00-18 ነው። ሲቢ 350 ፊት 3.00-18፣ ኋላ 3.50-18። ያማሃ ኤክስኤስ 650 ፊት 3.50-19፣ ኋላ 4.00-18። ስሙን ብቻ ይዛችሁም አትሂዱ። ሲኤል 350 ኢንጅኑ ከሲቢ 350 ጋር አንድ ቢሆንም የፊት ቸርኬው 19 ነው። ኤክስኤስ 650 “ስፔሻል” የሚባለው ደግሞ የኋላ ቸርኬው 16 ነው። ጎማው ቤታችሁ ከደረሰ በኋላ አልገባ ሲል የመመለሻውን የፖስታ ሒሳብ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የድሮው ልክ በኢንች፣ የዛሬው በሚሊ ሜትር ይጻፋል። 110/90-18 ማለት ወርዱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው የወርዱ 90 በመቶ (99 ሚሊ ሜትር)፣ የሚገባበት ቸርኬ 18 ኢንች ማለት ነው። በ4.00-18 ፋንታ 110/90-18 ይገባል፤ በ3.50-18 ፋንታ 100/90-18፤ በ3.25-19 ፋንታ 90/90-19 ወይም 100/90-19፤ በ3.00-18 ፋንታ 90/90-18። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርና ፊደል የጭነትና የፍጥነት ነው። 64 ማለት 280 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ፊደሉ ኤስ ከሆነ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር፣ ኤች ከሆነ እስከ 210 ነው። ፋብሪካው ካዘዘው በታች አትውረዱ።

ኋላ ላይ 120 ወይም 130 ገጥሞ ሞተሩ ግዙፍ እንዲመስል የሚፈልግ አለ። የእነዚህ ሞተሮች የኋላ ቸርኬ ወርድ ብዙ ጊዜ 2.15 ወይም 1.85 ኢንች ብቻ ነው፤ ቸርኬው ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ተጨምቀው መሀሉ ይሾላል። ስታጋድሉ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል ይለወጣል፣ ሞተሩ ለመታጠፍ ይከብዳል፣ አንዳንዱም ከካቴናው መከለያ ጋር ይፋተጋል። ፋብሪካው ያዘዘውን ልክ ግጠሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ሞተሮች የተሠሩት ለባያስ ጎማ (ውስጡ ያለው ክር በሰያፍ የተደራረበ) ነው። ፊት ራዲያል (ክሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚሄድ)፣ ኋላ ባያስ እያደረጋችሁ አታደባልቁ።

3. የትኛውን?

ርካሽ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም፤ በዚህ ላይ አጉል ኩራት አያስፈልግም። የኮሪያው ሺንኮ የዮኮሃማን የሞተር ጎማ ሻጋታዎችና ቴክኖሎጂ ገዝቶ የቀጠለ ኩባንያ ነው። 712 የሚባለው ጎማው ለእነዚህ ሞተሮች ልክ ይወጣል፤ አሜሪካ ውስጥ ጥንዱ ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ይገኛል። የታይዋኑ ኬንዳ ኬ657ም በዚያው ዋጋ አካባቢ ነው። ቅዳሜና እሑድ በደረቅ መንገድ ለሚነዳ ሰው ሁለቱም ይበቃሉ። የሞተሩን የጥንት መልክ መጠበቅ የሚፈልግ ደንሎፕ ኬ70ን ይግዛ፤ የ1960ዎቹ ጥርስ እስካሁን ይመረታል። ሲያትል፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ሆናችሁ ዝናብ ላይ የምትነዱ ከሆነ ግን ጨምራችሁ ብሪጅስቶን ቢቲ-46 ግዙ። እርጥብ አስፋልት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል፣ የተጨመረው ብርም ይገባዋል።

ፊትና ኋላውን ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ዓይነት አድርጉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ። የመኪና ጎማ ኋላ ላይ ይገጠማል የሚላችሁን አትስሙ፤ የመኪና ጎማ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሞተር ደግሞ የሚታጠፈው አጋድሎ ነው።

4. ዕድሜ

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

አገር ቤት ጎማ የሚሞተው ተነድቶ ነው። የሚኒባስ ጎማ ሸራው እስኪወጣ ይሄዳል። ስለዚህ ዓይናችን የለመደው ጥርስ ማየት ነው፤ ጥርስ ካለ ጎማው አለ፣ ጥርስ ካለቀ አለቀ። እዚህ የምትገዙት ሞተር ግን የአንድ ሽማግሌ ጋራዥ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ዓመታት የተኛ ነው። ጎማው መንገድ አላየም፣ ጥርሱ እንደ አዲስ ነው፣ እና ሞቷል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፋብሪካው ጎማው ውስጥ ከኦዞንና ከአየር የሚከላከል ሰምና ኬሚካል ይጨምራል። ጎማው ሲሽከረከርና ሲታጠፍ ይህ መከላከያ ከውስጥ እየወጣ ላዩን ይሸፍነዋል። የቆመ ጎማ አይታጠፍም፣ ስለዚህ ላዩ ሳይሸፈን ይቀራል። ኦዞን ጎኑን ይሰነጥቀዋል፤ ኦክስጅን ደግሞ ውስጡን ያደርቀዋል። የደረቀ ጎማ ብርድ ላይና እርጥብ መንገድ ላይ አይዝም። ቀጥ ባለ መንገድ ምንም አይታወቃችሁም። የሚታወቃችሁ ፍሬን ስትይዙ ወይም ስትታጠፉ ነው፣ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ያላችሁ ለዚህ ነገር ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ፤ ሙቀት እርጅናውን ያፋጥነዋል።

ስለዚህ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ተንበርከኩ። የጎማውን ጎን ከአቧራ ጥረጉና ዲኦቲ (DOT) የሚሉትን ፊደላት ፈልጉ። የፊደልና የቁጥር ሰልፉ መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ፣ አራት ቁጥሮች አሉ። 1423 ከሆነ በፈረንጆቹ 2023 ዓመት 14ኛው ሳምንት ላይ ተመርቷል። በአንዱ ጎን ካላገኛችሁት በሌላው ጎን ነው። አራት ሳይሆን ሦስት ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ በዚያ ጎማ ከግቢ እንኳ አትውጡ። ከዚያ አየሩን ቀንሱና ጎኑን በአውራ ጣታችሁ ግፉት፣ በጥርሶቹ መሀል ያለውንም ቦይ ፈልቅቁ። ፀጉር የሚያህሉ መስመሮች ከተከፈቱ አበቃ። ጥርሱ ላይ ጥፍራችሁን ተጫኑ፤ ደህና ጎማ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል፣ የሞተው ግን እንደ ድንጋይ ነው።

ጎማ አምራቾች የሚሉት ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ አሥር ዓመት ከሞላው ምንም ቢመስል ይጣል ነው። እኔ የምላችሁ ከዚያ ይጠብቃል። የት እንዳደረ የማታውቁት ሞተር ላይ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ካገኛችሁ አትከራከሩ፣ ቀይሩ። አዲስ ስትገዙም ከሁለት ዓመት በላይ መጋዘን የቆየ አትቀበሉ። ከመክፈላችሁ በፊት “የምርት ቀኑን ፎቶ ላክልኝ” በሉ። የማይልክ ሻጭ ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ ነው ወገኔ የሚበላው። በይነመረብ ላይ “አዲስ፣ ተገጥሞ የማያውቅ፣ ታዋቂ ፋብሪካ” የሚል ማስታወቂያ ያያል፣ ዋጋው በግማሽ ነው፣ ዘሎ ይገዛል። ቀኑ ሲታይ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ከስመ ጥሩ ያረጀ ጎማ ትናንት የተመረተ ርካሽ ጎማ በእጅጉ ይሻላል! ጎማ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ይብሳል። ማብረቂያ የተቀባ ጎማ ስንጥቁን ይደብቃል፤ ማብረቂያው ጥርሱ ላይ ከነካም ያንሸራትታችኋል።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚያነሳው ገንዘብ ነው። በየወሩ ለእናት፣ ለታናሽ ወንድም ትምህርት፣ ለአጎት መድኃኒት ትልካላችሁ። አንድ ሰው ሥራ ላይ ቆሞ አገር ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር እናንተው ታውቃላችሁ። ያ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር ቢተኛ መላኩ ይቆማል፣ የሆስፒታሉ ሒሳብ ይመጣል፣ ከዚያ የመዋጮ ገጽ ይከፈትና ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ዕድሩ ሁሉ ያዋጣል። ለሠርግና ለድግስ ሺሕ ዶላር የማይሳሳ እጅ ለሁለት ጎማ ሲጨብጥ ማየት ያሳዝነኛል። ሚስት ወይም ልጅ ከኋላ ተፈናጠው ሲሄዱ ሳይ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እነሱ የጎማውን ቀን አላነበቡም፤ ያመኑት እናንተን ነው።

ሌላም አለ። ያወጣችሁትን የሞተ ጎማ “አገር ቤት ይጠቅማል” ብላችሁ ኮንቴይነር ውስጥ አትወትፉ። እዚህ ለእናንተ ያልሆነ ጎማ እዚያ የታናሽ ወንድማችሁን ነፍስ እንዴት ይሸከማል? ጎማ ቤት ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ አስወግዱት።

5. አገጣጠም

ብዙ ጋራዦች የቆየ ሞተር አይቀበሉም። ቸርኬውን ፈትታችሁ ብቻውን ብትወስዱ ግን ብዙዎቹ ይሠራሉ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ የሳሙና ውኃ፣ የሕፃን ፓውደር እና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

የውስጥ ጎማውን ሁልጊዜ አዲስ አድርጉ። ራጂ (የቸርኬ ሽቦ) ያለው ቸርኬ አየር የሚይዘው በውስጥ ጎማው ነው፤ እሱ ሲቀደድ አየሩ በራጂው ቀዳዳ በኩል በአንድ ጊዜ ይወጣል። አሮጌው የውስጥ ጎማ ተለጥጧል፣ አዲሱ ውስጥ ይታጠፋል፣ የታጠፈበት ይቀደዳል። ጎማው ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ ነው የሚል ቢጻፍበትም በእነዚህ ቸርኬዎች ላይ የውስጥ ጎማ ይገባበታል። የራጂዎቹን ጫፍ የሚሸፍነውን የላስቲክ ቀበቶም አብራችሁ ቀይሩ፤ ጥቂት ዶላር ነው። ቸርኬው ውስጥ ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ቀበቶውን አልፎ የሚወጣ የራጂ ጫፍ ካለ ሞርዱት።

ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ቸርኬው የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል፤ ፊትና ኋላ ይለያያልና አንብቡ። ቢጫ ነጥብ ካለ ከቫልቩ ጎን አድርጉ፣ ጎማው የሚቀልበት ቦታ እዚያ ነው። የውስጥ ጎማውን ፓውደር ቀቡና ቅርጽ እስኪይዝ ድረስ ብቻ ንፉት። የጎማውን ጠርዝ ማስገባት ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ ቫልቩ ጋ ጨርሱ። በብረት የምትገፉበት ሰዓት ተቃራኒው ጠርዝ ቸርኬው መሀል ያለው ጎድጓዳ ውስጥ መግባት አለበት። ብረቱ ከከበዳችሁ ያ ጠርዝ ወጥቷል ማለት ነው፤ በጉልበት አትታገሉ፣ በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁበት ወደ ጎድጓዳው መልሱት። የውስጥ ጎማ የሚበሳው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ሲገባ ንፉት፣ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሱት፣ እንደገና ንፉት፤ የውስጥ ጎማው እጥፋት ይዘረጋል። ጎኑ ላይ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል እስኪርቅ ድረስ ነው፤ ከ40 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ግን አትለፉ። እኩል ካልሆነ አስተንፍሱ፣ ሳሙና ጨምሩ፣ ድገሙ። ዘይትና ግራሶ ጎማ ላይ አታድርጉ። ከዚያ አየሩን ፋብሪካው ወዳዘዘው መልሱ፤ እነዚህ ሞተሮች ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ብዙውን ጊዜ ከ26 እስከ 32 ፒኤስአይ መካከል ናቸው።

የኋላውን ስትመልሱ የፍሬኑን ሳሕን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ አትርሱ። ዘንጉ ካልታሰረ ፍሬን ስትረግጡ ሳሕኑ ራሱ ይዞርና ቸርኬውን ይቆልፈዋል። የፔርኖውን (ቸርኬው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ በመመሪያው ልክ አጥብቁ፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን የሽቦ ቁልፍ አዲስ አድርጉ፣ የካቴናውን ልቅነት ተመልከቱ።

አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል። የመጀመሪያውን 160 ኪሎ ሜትር ጠንከር ያለ ፍሬንና ጥልቅ ማጋደል አይኑር፣ ዝናብም አይሁን። ቫልቩ ላይ ያለውን ትንሽ ዳዶ ከቸርኬው ጋር አታጥብቁት፤ ወደ ክዳኑ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ቫልቩን እዩ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የውስጥ ጎማውን እየጎተተ ነው፤ አየሩ አንሶ እንደሆነ ለኩ፣ አስተንፍሱና ቫልቩን አቅንታችሁ እንደገና ንፉ።