ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡ አላስወጣ አለ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከነጭራሹ ጠፍቷል። የልጄ ልጅ ጓደኞቿን ሰብስባ እኔ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ተጥደዋል። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ድንገት ጩኸት ተነሳ።

«እሱ ነው የገደላት!»

«ኧረ ባክሽ! ራሷ አይደለችም እንዴ ሌላውን አውጣው ያለችው?»

ደነገጥኩ። ሰፈር ውስጥ ሰው የሞተ መስሎኝ «ማን ነው? ለፖሊስ ተነግሯል?» አልኩ። ሳቁብኝ። ለካ «ዘ ቫምፓየር ዳየሪስ» ስለሚባል ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 የታየ፣ ስምንት ሲዝን፣ 171 ክፍል። እነሱ ሕፃን ሳሉ ያለቀ ነገር ዛሬም በፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል።

«አባባ ይዳኙን» አሉ። ቲያትር ስሠራ ነው ያረጀሁት። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ኪነት ጀምሬ ስተውን፣ ሳዘጋጅ፣ ሰው ሲጠፋ መጋረጃ ስጎትት ኖሬያለሁ። ዳኝነቱን አልገፋሁም። «መጀመሪያ አሳዩኝ» አልኩ። ይህን የምጽፍላችሁ ያን ቀን ጀምሬ ያልጨረስኩትን ወሬ ለመጨረስ ነው። እናንተም እንደነሱ በየቤታችሁ ስትከራከሩ እንደምታመሹ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛው ሲዝን ሲያልቅ አንድ መኪና ከድልድይ ላይ ውሃ ውስጥ ይገባል። ውስጡ የድራማው ዋና ልጅ ኤሌናና ማት የሚባል ጓደኛዋ አሉ። የሚወዳት ስቴፋን ደረሰ። ቫምፓየር፣ ማለትም ሞቶ የተነሳ ደም ጠጪ፣ ስለሆነ ጉልበት አለው፣ ጊዜ ግን የለውም። ሊያወጣት ሲል እሷ ወደ ማት አመለከተች፤ መጀመሪያ እሱን። ስቴፋን ማትን ይዞ ወጣ። እሷ ሰጠመች። ሳታውቀው በቫምፓየር ደም ታክማ ስለነበር ቫምፓየር ሆና ነቃች።

ሳሎኔ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ስቴፋን ቃሏን አከበረ» አለ። ግማሹ «ወንድሙ ዴመን ቢሆን እሷን ነበር የሚያወጣው፤ ፍቅር ማለት ያ ነው» አለ። አንዷማ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ልብ ብዬ ስሰማቸው ሁሉም የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ስለራሳችሁ ነው። ስለ ኤሌና ምንም አይነግራችሁም። እኛ በቲያትር ጥናት ጊዜ ተዋናዩን የምንጠይቀው ሌላ ነው። «ይህች ልጅ እዚህ ስትደርስ ምን ተሸክማ ነው የመጣችው?» እንላለን።

እስቲ ወደ ኋላ ሂዱ። የኤሌና እናትና አባት የሞቱት የት ነው? እዚያው ድልድይ፣ እዚያው ውሃ ውስጥ። ያን ሌሊትም ስቴፋን ደርሶ ነበር። አባቷን ሊያወጣው ሲል ሰውየው እንቢ አለ፤ መጀመሪያ ልጄን። እሷ በሕይወት የተረፈችው በዚያች ምልክት ነው። እንግዲህ ውሃው ውስጥ ሆና ያደረገችው የአባቷን ነው። ደራሲዎቹ ይህን አልደበቁም። በዚያው ክፍል አሳይተውታል። ልጆቹ ግን ሁለቱን ወንድማማቾች ሲያማርጡ አልፈውታል። ሁለት ወንድ ሲጣላባት እያዩ ልጅቷን ረሷት።

ይህን ስነግራቸው አንዱ ስልኩን አስቀመጠ። በዚህ ዘመን ይህ ለእኔ ጭብጨባ ነው።

ቀጥሎ ስለ ትወናው ተነሳ። «አባባ፣ ትወናዋ እኮ አንደኛ ነው!» ምኑ? ስላቸው «በቃ ትችላለች» ነው መልሱ። ይህ አነጋገር እኔን አይሞላኝም። ወጡ ጣፈጠ ካላችሁ ቅመሙን ንገሩኝ።

ኒና ዶብሬቭ ኤሌናንም፣ ቁርጥ እሷን የምትመስለውን ካትሪንንም ትጫወታለች። ልጆቹ «ፀጉሯ ጥቅልል ከሆነ ካትሪን ናት» አሉኝ። እሱማ የፀጉር ሠሪዋ ሥራ ነው። የተዋናይዋን ሥራ ማየት ከፈለጋችሁ የመጀመሪያውን ሲዝን መጨረሻ ክፈቱ። ካትሪን ኤሌናን መስላ በረንዳ ላይ ከዴመን ጋር ትቆማለች። ፀጉሩ የኤሌና ነው፣ ልብሱ የኤሌና ነው። አንድ ተዋናይ፣ ሌላ ሴት መስላ የምታታልል ሴት ሆና ትጫወታለች። ድምፁን አጥፉትና ሁለት ጊዜ እዩት። እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኤሌና ሰው ሲያናግራት መጀመሪያ ታየዋለች፣ ከዚያ ነው ፊቷ የሚለወጠው። ካትሪን ፊቷን አዘጋጅታ ጨርሳ ነው የምትዞረው። በቃ ይኸው ነው። ይህችን ታህል ነገር ለማምጣት ስንት ቀን እንደሚለፋ እኔ አውቃለሁ።

በነገራችን ላይ ተዋናይዋ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተወልዳ ካናዳ ነው ያደገችው። ካትሪንም በታሪኩ ቡልጋሪያዊት ናት፤ የጥንት ሕይወቷን ሲያሳዩ በዚያ ቋንቋ ትናገራለች። የደሴ ልጅ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ኖሮ እናቱ ስትደውልለት ትከሻው እንዴት እንደሚላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ጋ እሱን ፈልጉ።

አሁን የራሴን ጥፋት ላውራ። በወጣትነቴ ሐይቅ ከተማ አንድ ቲያትር ይዘን ሄድን። ዛር የያዛት ሴት አለችበት። ተዋናይዋን «ጩኺ፣ ውደቂ፣ ፀጉርሽን በትኚ» ያልኳት እኔ ነኝ። ጮኸች። ወደቀች። ፀጉሯን በተነች። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሲያልቅ አንዲት አሮጊት ዱበርቲ፣ በዱዓቸው የሚታወቁ እናት፣ በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዛር ሲወርድ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም እማማ።»

«እህ! መጀመሪያ እኮ ታዛጋለች። ደጋግማ ታዛጋለች። ከዚያ ዝም ትላለች። እኛ የምንፈራው ያን ዝምታዋን ነው። ማጓራቱ የኋላ ነው የኔ ጌታ።»

በማግስቱ ውጫሌ ላይ ጩኸቱን በሙሉ አስወጣሁት። «አዛጊ፣ ከዚያ ዝም በይ» አልኳት። ሜዳው ሙሉ ሰው ጸጥ አለ። አንድ ሕፃን ብቻ አለቀሰ።

ዛር የያዘው ሰው ፈረስ ይባላል፤ ዛሩ ይጋልበዋል። እኔ ተዋናይም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ተዋናይ ግን ፈረሱም ጋላቢውም ራሱ ነው። ልጓሙን የለቀቀ ቀን የሐይቅ ሰው ይስቅበታል።

ይህን ያመጣሁት በአራተኛው ሲዝን ምክንያት ነው። የኤሌና ወንድም ይሞታል። ቤቷን ልታቃጥል የሚነድ ነገር ታርከፈክፋለች። ክብሪት ይዛ ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ያ ድራማ ቫምፓየሮች ስሜታቸውን እንደ መብራት ማጥፋት ይችላሉ ይላል። ዴመን «አጥፊው» ይላታል። ልጆቹ ለቅሶዋን አደነቁ፤ እውነትም ለቅሶው አንጀት ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን «ፊቷ ድርቅ አለ፣ አበላሸችው» አሉ። ኧረ ወዲያ! ሥራው ያለው እዚያ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ሲወጣ እናያለን። እንባው ጉንጯ ላይ ገና አልደረቀም፣ ባለቤቱ ግን ሄዷል። ከዚያ ክብሪቱን ትለቀዋለች። ዱበርቲዋ ይህን ቢያዩ «እንዲህ ነው» ይሉ ነበር።

ልብ በሉ፣ ያኔ ኤሌና የዴመንን ቃል እንቢ ማለት አትችልም፤ ቫምፓየር ያደረጋት የእሱ ደም ስለሆነ አስሯታል። ታዲያ ያጠፋችው ራሷ ናት ወይስ እሱ? ይህን እኔም አልፈታሁትም። ክርክር ካማራችሁ እዚህ ላይ ተከራከሩ። «የማን ሚስት ትሁን» ከሚለው ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አስቀይሞኛል። ከልጆቹ አንዱ በካትሪን ተናዶ ተዋናይዋን ስሟን ጠርቶ ሰደባት። ተዉ። እኔ አንድ ሰሞን ክፉ ጭሰኛ አፈናቃይ ሆኜ ስጫወት የሰፈራችን ሥጋ ቤት ወር ሙሉ አጥንት ብቻ መዘነልኝ። በትወናዬ ኮርቼ ነበር፤ ሚስቴ ግን አልኮራችም።

ጭቅጭቁ አላለቀም። አሁን ስድስተኛው ሲዝን ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ኒና ዶብሬቭ ድራማውን ትታ እንደምትሄድ ሰምተው ከወዲሁ ተኳርፈዋል። እሁድ እሁድ ይመጣሉ፣ ቡናው እኔ ቤት ነው። መጨረሻውን ማታ ማታ እነሱ ሳያውቁ አይቼ ጨርሻለሁ። ስቴፋን ምን እንደመረጠ ሲጠይቁኝ ጋቢዬን እከናነባለሁ።