ጂዲቢ እንጀራ ያበላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጅማ የምማር የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሲ ቋንቋ በጣም እወዳለሁ። ላለፉት አራት ወራት ለጂዲቢ ዲበገር (የፕሮግራም ስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ) በፓይተን አንድ እስክሪፕት ስጽፍ ቆይቻለሁ። የሚመረመረው ፕሮግራም ሜሞሪ ላይ የጫናቸውን ኦብጄክት ፋይሎች (ራሱንና ላይብረሪዎቹን) ከነሴክሽኖቻቸው፣ ማለትም ከነክፍሎቻቸው፣ እና ከነአድራሻቸው በሠንጠረዥ ያወጣል። ጓደኞቼ ግን ሙድ ይይዙብኛል። «የዌብ መሥሪያውን ሪአክትን ብትማሪ ይሻልሻል፣ ይሄ እንጀራ አያበላም» ይሉኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ሲቪዬ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ ግማሹን ልክ ናቸው። አዲስ አበባ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ብታገላብጪ «ዲበገር የሚሠራ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማግኘትሽን እጠራጠራለሁ። የሚበዛው ዌብ፣ ሞባይልና የባንክ ሲስተም ነው። ስለዚህ ሪአክቱን ወይም ጃቫውን እወቂው። መጀመሪያ የቤት ኪራይ የሚከፍልልሽ እሱ ሊሆን ይችላል።

የተቀረውን ግማሽ ግን ተሳስተዋል። ለምን እንደሆነ በራሴ ላይ በደረሰ ልንገርሽ።

ምክር መስጠት ከመጀመሬ በፊት ፕሮግራመር ነበርኩ። የድርጅቱ ስም ይቅር። አንድ ሌሊት ደንበኛ ቤት ያለው ሰርቨራችን ወደቀና ኮር ፋይሉን፣ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረበትን ሁኔታ የያዘውን ፋይል፣ ላኩልን። በጂዲቢ ከፈትነው። ወደቀበት ብሎ የሚያሳየን መስመር ላይ ምንም ኮድ የለም፤ ኮምፒውተሩ የማያስኬደው ማስታወሻ፣ ባዶ ኮሜንት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ ኮሜንት ጋር ተፋጠጥን። በኋላ ሲታይ ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) እነሱ ጋ ያለውና እኛ ጋ ያለው ስማቸው ብቻ ነው አንድ። የተሠሩት በተለያየ ቀን ነው፤ መስመሩ ያልገጠመውም ለዚህ ነበር።

ሊንከሩ፣ ማለትም የኮዱን ቁርጥራጮች አገጣጥሞ ፋይሉን የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ቢልድ አይዲ የሚባል መለያ ያስቀምጣል። አብዛኛውን ጊዜ 20 ባይት ነው፤ ሲጻፍ 40 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። በጂዲቢ ፓይተን ደግሞ ይሄ መለያ ከኦብጄክት ፋይሉ ላይ በአንድ ቃል ይነበባል። ሁሉንም ፋይል ዞሮ የሚያነጻጽር አምስት መስመር እስክሪፕት ቢኖረን ኖሮ ሁለቱ ቀን አይባክንም ነበር። የሚያሳፍረው፣ ከመካከላችን ይሄ መኖሩን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አንቺ ግን አሁን ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ እስክሪፕትሽ። ሴክሽኖቹን ከየት እንዳመጣሻቸው አልነገርሽኝም፤ ግን እገምታለሁ። ፓይተን ጂዲቢ ውስጥ የገባው በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 7.0 እትም ነው። ኦብጄክት ፋይልን የሚወክለው የፓይተን ክላስ የፋይሉን ስም፣ ቢልድ አይዲውን፣ የሲምቦል (የፈንክሽንና የቫሪያብል ስም) ፍለጋንና ሌላም ይሰጥሻል። የሴክሽን ዝርዝር ግን አይሰጥሽም። ኤልኤልዲቢ በሚባለው ሌላ ዲበገር ላይ ሞጁሉን (የተጫነውን ፋይል) ይዘሽ ሴክሽኖቹን በሉፕ መዞር፣ መጠናቸውንና የተጫኑበትን አድራሻ መጠየቅ ትችያለሽ። ጂዲቢ ላይ ሰው የሚያደርገው ሌላ ነው። ሴክሽን የሚያሳየውን ትእዛዝ ከፓይተን ውስጥ ያስኬዳል፣ የወጣውን ጽሑፍ ይቀበላል፣ ከዚያ በስፔስ እየቆረጠ ቁጥሩን ይለቅማል። አንቺም እንደዚያ አድርገሽ ከሆነ አትፈሪ፣ ሁላችንም አድርገነዋል። ግን ያ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለሰው ዓይን ነው። በሚቀጥለው እትም አንድ ዓምድ ቢጨመርበት ሠንጠረዥሽ ዝብርቅርቁ ይወጣል።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። መረጃው እኮ ዲበገሩ ሆድ ውስጥ አለ። የጂዲቢ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ለእያንዳንዱ ፋይል የሴክሽን ሠንጠረዥ ይይዛል፤ ፋይሉን የሚያነብለትም ቢኤፍዲ የሚባለው ላይብረሪ ነው። ታዲያ ለፓይተን አውጥቶ መስጠት ምን ያስቸግራል? ስምና አድራሻ መመለሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስቸግረው ዕድሜው ነው፤ ዕቃው መቼ ይጠፋል የሚለው።

ይሄን ዛሬ ማታ ሞክሪው። ሃያ መስመር የማይሞላ የሲ ፕሮግራም ጻፊ። አንድ ላይብረሪ በዲኤልኦፕን (dlopen) ይክፈት፣ አንድ ፈንክሽን ይጥራ፣ በዲኤልክሎዝ (dlclose) ይዝጋ። በጂዲቢ አስነሺውና ላይብረሪው ከተከፈተ በኋላ አቁሚው። የላይብረሪውን ኦብጄክት ፋይል በአንድ የፓይተን ቫሪያብል ያዢ። ከዚያ ፕሮግራሙን ቀጥዪና ዲኤልክሎዝ ካለፈ በኋላ እንደገና አቁሚው። አሁን የያዝሽው ምንድን ነው? ላይብረሪው ከሜሞሪ ወጥቷል፣ ጂዲቢም የራሱን መዝገብ አጥፍቷል። ቫሪያብልሽ ግን አለ። ፓይተን ደግሞ አንድ ሰው የያዘውን ዕቃ አይጥልም።

ጂዲቢ ይሄን በዘዴ ይይዘዋል። የፓይተኑ ዕቃ ውስጡ ወደ እውነተኛው መዝገብ የሚያመለክት ፖይንተር አለው። መዝገቡ ሲጠፋ ፖይንተሩ ባዶ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ሲምቦል ፈልግልኝ ብትዪው ዲበገሩ አይወድቅም፤ ፋይሉ አሁን የለም የሚል የፓይተን ስሕተት ይመልስልሻል። «እዝ ቫሊድ» (is_valid፣ አሁንም አለ ወይ) የሚለውን ብትጠይቂ ሐሰት ይልሻል። አሁን በዚህ ላይ ሴክሽን ጨምሪበት። አንድ ሰው ፋይሉን ትቶ ሴክሽኑን ብቻ ቢይዝስ? ሴክሽኑ የወላጁን ሞት በምን ይሰማል?

ይሄን ጥያቄ ወረቀት ላይ ስለሽ መመለስ ከቻልሽ፣ ሲስተም ፕሮግራሚንግ ላይ የሚጠይቁሽን ኢንተርቪው ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ባለቤቱ ማነው፣ መቼ ይሞታል፣ የያዘው ሰው በምን ያውቃል። ከርነልም፣ ዳታቤዝም፣ ብራውዘርም ብትሄጂ የምታገኚው ይሄንኑ ነው።

የሥራው ገበያ ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ሬድ ሃት፣ አዳኮርና ኢንቴል ጂዲቢ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ቀጥረዋል። ኤኤምዲ ለጂፒዩው ሮክጂዲቢ የሚባል የራሱ ቅጂ አለው። አፕል ኤልኤልዲቢ ላይ ይሠራል። በጀማሪነት እነዚህ ጋ መግባት ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። ይበልጥ የሚቀርብሽ በር ሴኪዩሪቲ ይመስለኛል። ፕዎንዲቢጂና ጌፍ (pwndbg፣ GEF) የሚባሉትን እይያቸው። ሁለቱም ጂዲቢ ላይ የተሠሩ፣ በፓይተን የተጻፉ ክፍት ፕሮጀክቶች ናቸው። ባይነሪ (ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም) ፈልፍለው የሚያነቡ ሰዎች ሲጠቀሙባቸው ይውላሉ። አንቺ አራት ወር የለፋሽበት ነገር ለእነሱ የዕለት ሥራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ እነሱ ሂጂ። የተከፈቱ ችግሮቻቸውን አንብቢ፣ አንዷን ትንሽ ምረጪና አስተካክለሽ ላኪ። እሱ ሲለምድሽ ወደ ጂዲቢ ራሱ ሂጂ። እዚያ ፓች፣ ማለትም የኮድ ማስተካከያ፣ የሚላከው በኢሜይል ነው። ኮድ ብቻ አይበቃም፤ ቴስትና ማኑዋሉ ላይ የሚገባ ማብራሪያ ይጠይቁሻል። ቴስቱ ደግሞ ቲሲኤል በሚባል ቋንቋ ነው የሚጻፍ፣ አቤት ጣጣው! ከ15 መስመር ገደማ ያለፈ ሥራ ከሆነም የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ወረቀት ከነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ጋር መፈራረም ሊኖር ይችላል። ዩኒቨርሲቲሽ በሥራሽ ላይ መብት አለኝ የሚል ከሆነ እሱንም አስቀድመሽ አጣሪ። የመጀመሪያው ፓችሽ ማኑዋል ላይ ያገኘሽው አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ምንም ነውር የለውም።

የተቀበሉሽ ፓች ስምሽን ይዞ ይቀመጣል። ቀጣሪው ከፍቶ ያየዋል፤ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማርሽ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ማለት ነው።

ሲቪሽ ላይ «በፓይተን የጂዲቢ እስክሪፕት ጽፌያለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ይሄ ምንም አይናገርም። እንዲህ በዪ፦ «አንድ ፕሮግራም የጫናቸውን ላይብረሪዎች ከነሴክሽን አድራሻቸው የሚዘረዝር፣ ላይብረሪው ሲወጣ አሮጌ አድራሻ የማያሳይ፣ የቢልድ አይዲ አለመግጠምን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ።» ሁለተኛውና ሦስተኛው ገና የሉሽም አይደል? የዲኤልክሎዙን ሙከራና የቢልድ አይዲ ማነጻጸሪያውን ስትጨርሺ ጨምሪያቸው፤ ሳትጨርሺ ግን አትጻፊው። የሚጠይቅሽ ሰው በትክክል እዚያው ላይ ነው የሚይዝሽ።

ጊዜሽን እንዲህ ክፈዪው ብዬ ልድፈር፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽና ለሥራ የሚፈለገው ቋንቋ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጂዲቢ። ኔትወርክ ሲቋረጥም የሚሠራ ሥራ ስለሆነ ይመቻል፤ የሶርስ ኮዱን አንዴ ካወረድሽ በቂ ነው።

እስክሪፕቱን ስታወጪው ሪድሚውን፣ ማለትም የመግቢያ ማብራሪያውን፣ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ኮዱን ግን ከላይ አታስቀድሚ፤ ሠንጠረዡ እውነተኛ ፕሮግራም ላይ ያወጣውን ውጤት እንዳለ ለጥፊ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።